የበዓል ቀን አቧራ

ባሻ አለሙ የሞተው የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ የንጉሥ መድፍና ባሩድ በሚሠራበት በጋፋት መዶሻና ዘነዘና ሁሉ ዝም ባለበት ቀን ነው።

መሪጌታ ገብረመድኅን ደብረ ታቦር ላይ ማኅሌት ቆመው ውለው፣ ጉልበታቸው ዝሎ፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጩኸት ሰሙ። የሴት ጩኸት ነው፤ የሚመጣውም ከባሩድ ቤቱ ግቢ ነው። መንገድ ላይ የነበረው በዓለኛ ነጠላውን እየሰበሰበ ወደዚያው ሮጠ። እሳቸው መሮጥ ከተዉ ቆይተዋል፤ ጥቂት ከፈጠኑ ደረታቸው ያፏጫል። ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ የሟቹ ሚስት አበራሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ስትቧጥጥ አገኟት።

«ይድረሱልኝ መሪጌታ! ባሌን ገደሉብኝ!»

«ማን ገደለብሽ ልጄ?»

«የረገመው ነዋ! ሌላ ማን አለ? ዘውዱ ነዋ!»

ባሻ አለሙ የባሩድ ቤቱ ሹም ነበር፤ ዘውዱ ደግሞ ከባሩድ ወቃጮቹ አንዱ። ዘውዱ ከገና በፊት ወንድሙን አያሌውን ቀብሯል። አያሌውም ባሩድ ሲወቅጥ ኖሮ ደም እየተፋ ነው የሞተው። በቀብሩ ላይ ዘውዱ አፈር ዘግኖ፣ ባሻ አለሙ ፊት ቆሞ፣ «አንተም እንዲህ ትንፋሽ አጥሮህ ሙት!» ብሎ ሲረግመው ያልሰማ አልነበረም። እነሆ ባሻ አለሙ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ።

መሪጌታ ወደ ክፍሉ ገቡ። ክፍሏ በድንጋይና በጭቃ የተሠራች ጠባብ ናት፤ ከድኝ ማስቀመጫው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ትጎራበታለች። ሟቹ ከመደቡ ወርዶ በሩ ሥር ተደፍቷል። ጦር አልወጋውም፣ ዱላ አልነካውም። ዓይኖቹ ግን በርበሬ እንደገባባቸው ቀልተው አብጠዋል። የነጠላውን ጫፍ ጨምድዶ አፉ ላይ ይዟል፤ ጨርቁ ገና እርጥብ ነው፤ አጠገቡ የውኃ ቅል ተገልብጧል። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ያንን ጫፍ ገልበጥ አድርገው አዩት። ጥለቱ ቀይ ነው። ውኃ በነካው በኩል ግን ቀዩ ሸሽቶ ነጥቷል።

«ይህን ነጠላ መቼ ነው ያለበስሽው?»

«ዛሬ ጧት። ‹ብትታመምም በዓል ነው፣ አዲሱን ልበስ› ብዬ እኔው አወጣሁለት። ሳሉ ጠንቶበት ነበርና ከቤት ቀረ። ምነው አብሬው በቀረሁ!»

«ስትመለሺ በሩ እንዴት ነበር?»

«ገርበብ ብሎ፤ መስኮቱም ወለል ብሎ። እኔ ግን ብርድ እንዳይነካው ብዬ ሁለቱንም ዘግቼ ነበር የሄድሁት።»

«ድኝ ሸተተሽ?»

ሴትዮዋ በእንባዋ መካከል ዓይኗን አፈጠጠችባቸው። «መሪጌታ፣ እኔ የምደነግጠው ድኝ ያልሸተተኝ ቀን ነው። መኝታዬም ቀሚሴም ድኝ ነው።»

«ትናንት ቆጡ ላይ ያስቀመጥኋትን ሸክላ ነክተሻታል?»

«ምን በወጣኝ! ‹የበዓል አቧራ ልይዝባት ነው፣ ቤቱን እንዳትጠርጊብኝ› ብለውኝ የለም? ለማርያም በዓል ቤቷን ያልጠረገች ሴት አሰኝተውኛል።»

መሪጌታ ክንዳቸውን ዘርግተው ከቆጡ ላይ አንዲት መዳፍ የምታህል ሸክላ አወረዱ። አንድ ጊዜ አዩዋትና ማንም ሳያያት በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቷት። ከደጅ አንዱ፣ «ሰው ሞቶ እሳቸው አቧራ ይለቅማሉ!» ሲል ሌላውን ሳቅ አመለጠው።

አቧራ ለቃሚው መሪጌታ፦ በጋፋት ስማቸው ይህ ነበር። መጀመሪያ የመጡት በድጓቸውና በመድኃኒት ቅጠላቸው ነው። ሳል የያዘው ወቃጭ ሁሉ ደጃቸውን ይመታል። ጦስኝ አፈሉለት፣ ማር በጠበጡለት፣ ጠበል አስጠመቁት፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ የላኩትም አለ። ሁሉም ሞተ። እየቆየ አንድ ነገር ተገለጠላቸው፤ በደጅ ከሰል የሚያከስለውና ድኝ የሚያነጥረው ያስላል እንጂ አይረግፍም፤ የሚረግፈው ጨለማ ቤት የሚገባው ነው። ጨለማ ቤት የሚባለው ከሰሉ፣ ድኙና የባሩዱ ጨው የሚወቀጥበትና የሚነፋበት ቤት ነው። ንፋስ ዱቄቱን እንዳይበትነው፣ ከመድፍ ማቅለጫውም የእሳት ፍንጣሪ እንዳይገባበት መስኮት የለውም፤ ሥራ ሲጀመር በሩ ከውጭ ይዘጋል።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ቅጠሉን ትተው አየሩን መመርመር ያዙ። በሸክላ ላይ ንጹሕ ሰም ይቀቡና ሰው በሚተነፍስበት ቦታ ያኖሩታል። የሚንሳፈፈው ብናኝ ሰሙ ላይ ሲጣበቅ አንድ ፈረንጅ ብረት ቀላጭ በሰጣቸው አጉሊ መስታወት ያዩታል፤ ከዚያ በጋለ ብረት ላይ ይፈትኑታል። ድኝ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል፤ የባሩድ ጨው ይንጣጣል፤ ከሰል ፍም ሆኖ አመድ ይሆናል፤ ተራ አፈር እንዳለ ይቀራል። «አቧራ እሳት ላይ ማንነቱን አይደብቅም» ይሉ ነበር። ፀጉራቸው የሸበተው በዚህ ሥራ ነው። የገዛ ደረታቸውም የተበላሸው በዚሁ ነው። የሚያምናቸው ሰው ግን አንድ ባሻ አለሙ ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ እሱም አሁን በሩ ሥር ተደፍቷል።

ውጭ ጫጫታው ጋለ። ዘውዱን ከእናቱ ጎጆ ጎትተው አምጥተውታል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደምሴ ጦሩን ሲነቀንቅ የአገሩ ዳኛ ባላምባራስ ሙሉ በበቅሏቸው ደርሰው መካከል ገቡ።

«ጦርህን መልስ ደምሴ! ያለ ፍርድ ደም የለም።»

«ምን ፍርድ ያሻዋል ጌታዬ? በአፉ ረገመ፣ በእጁ ፈጸመ። ዛሬ ጧት እሳት ይዞ ሲሄድ አበራሽ በዓይኗ አይታዋለች!»

«ነገ አውጫጭኝ ይቀመጣል። የጋፋት ሰው አንድ ሳይቀር ሾላው ሥር ይዋል፤ ያየ ይናገራል፣ የሰማ ይመሰክራል። ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ዘውዱ ላንተ ይሰጣል፤ እንደ ፈቀድህ አድርገው።»

ከሕዝቡ ጀርባ አንዲት በበትር የተደገፈች አሮጊት መሬት ላይ ተቀመጠች። የዘውዱና የአያሌው እናት ጌጤ ናት። አላለቀሰችም። «የቀረኝ እሱ ነበር» ብቻ አለች፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው።

ዘውዱን መድፍ ማቅለጫው ጎን ካለው ምሰሶ ጋር በጠፍር አሰሩት። መሪጌታ አጠገቡ ሲቀመጡ ቀና ብሎ አያቸው።

«ሊያናዝዙኝ ነው የመጡ?»

«ገና ነህ። እሳቱን ወዴት ነበር የምትወስደው?»

«የእናቴ ምድጃ ጠፍቶባት ከጎረቤት ጫርሁላት። እሳት የጫረ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ከሆነ ጋፋት ሰው አይተርፍባትም።»

«አለሙን ትጠላው ነበር?»

«በደንብ አድርጌ። ባለፈው ሰንበት ግን ያን ነገር አወጀና መጥላቱ አቃተኝ።»

«ተራውን ነው?»

«ተራውን። ‹ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ ማንም ሰው ጨለማ ቤት ውስጥ አይከርምም፤ ሁሉም እየገባ ይወጣል፤ አለቃም ቢሆን› አለ። መጀመሪያ የምወጣው እኔ ነበርሁ መሪጌታ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ከሰል ላከስል ነበር። እርስዎም ያውቁታል። ዋዜማውን ሰም ሳቀልጥልዎት ስዘፍን ሰምተውኝ ‹ለበዓሉ አቆየው› አላሉኝም?»

ብለውታል። ተራውን ለባሻ አለሙ የመከሩትም እሳቸው ናቸው። «ሰው በየተራ ከገባ የአንድ ሰው ደረት የሁሉን አቧራ አይሸከምም» ብለውት ነበር።

ጎሕ ሲቀድ መሪጌታ ወደ ድኝ ማስቀመጫው ቤት ገቡ። ከሟቹ ክፍል ጋር የሚያዋስነውን ግድግዳ በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱ። ከመሬቱ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላላ። ሳቡት፤ ወጣ። በስተጀርባው ወደ ሟቹ ክፍል የምታሳይ ቀዳዳ አለች፤ የቀዳዳዋ ከንፈር በቢጫ ቅርፊት ተሸፍኗል። ዞረው የክፍሉን በር ከውጭ አዩት፤ የበሩም የመስኮቱም መቃን በጠፍር ተፈግፍጎ አዲስ እንጨት አውጥቷል። አንድ ሰው ከውጭ አስሯቸዋል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሲጎትታቸው ነበር።

ሲወጡ ምክትል ሹሙ ፈንታሁን ጨለማ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ለወቃጮቹ ሲጮኽ ሰሙት።

«የተራው ነገር ቀርቷል! እያንዳንዱ ወደ ሙቀጫው!»

ፈንታሁን ቀጭን፣ ንጹሕ ለባሽ ሰው ነው። በሩ ሲከፈት ነጠላውን አፍንጫው ላይ ሳብ አደረገና ከደፉ ፈቀቅ አለ።

«ሬሳው ሳይቀበር ፈንታሁን?» አሉ መሪጌታ።

«ባሩድ ቀብር አይጠብቅም። የንጉሥ ትእዛዝ ነው።»

«ትናንት የት ዋልህ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ታቦት ስር። እርስዎ ሲዘምሩ አይቼዎታለሁ።»

«ድምፄ አማረ?»

«ሳል በዛበት» አለ ፈንታሁን፤ ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። «ሐኪም ራስህን አድን አይደል የሚለው መጽሐፉ?»

«ይላል። ባሻ ክፍል ገብተህ ነበር?»

«እኔ የመጣሁት ሬሳው ወጥቶ ከተገነዘ በኋላ ነው። ምን ሊታይ ይገባል? እርግማን ደረሰበት፤ አለቀ።»

«እርግማን አየር ላይ ምልክት አይተውም። እኔ ደግሞ አየሩን መመርመር ልማዴ ነው።»

«ታዲያ ሸክላዎ ምን ነገረዎት? እንደ ወትሮው ከመጥቆር በቀር! ቢጠይቁኝ ባሻን የበላው የዘወትሩ አቧራ ነው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልክ ነህ» አሉ ቀስ ብለው። «እንደ ወትሮው ጠቁሯል።»

ከዚያ ወደ ወንዙ ወርደው፣ ከባሩዱ ራቅ ያለ አለት ላይ እሳት አንድደው ሸክላዎቻቸውን ፈቱ። ብረቱ ሲግል ሰማያዊው ነበልባል ብልጭ አለ። መሪጌታ ግን ደስ አላላቸውም። ውሃው ዳር እንደ ተቀመጡ ረጅም ሳል ያዛቸው፤ የተፉትን በአፈር ሸፈኑት። ዘውዱን የሚያድን ነገር አግኝተዋል። አንዱን ለማዳን ግን ሌላውን ለጦር መስጠት ነበረባቸው። ለዚያ ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ አዘኑለት፤ ለምን እንዳደረገው ያውቃሉና።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የጋፋት ሰው ሾላው ሥር ሞልቶ ነበር። አውጫጭኝ ከተቀመጠ ነገሩ ሳይጣራ ማንም አይነሣም፤ እርሻም ጥማድም ይጠብቃል። ደምሴ ጦሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ዘውዱ እንደ ታሰረ ቆሟል፤ እናቱ እግሩ ሥር ናት። ፈንታሁን ከአለቆቹ ጋር በስተቀኝ ተቀምጧል። ማልዶ የተጀመረው ምስክርነት አንድ እርግማንና አንድ ገል እሳት ብቻ አስገኝቶ ደረቀ።

«እንግዲህ» አሉ ባላምባራስ ሙሉ፣ «ሌላ የሚናገር ከሌለ...»

«አለ ባላምባራስ።» መሪጌታ ተነሡ። «ባሻ አለሙ በእርግማን አልሞተም። በሳሉም አልሞተም። በሩና መስኮቱ ከውጭ ታስረውበት፣ የድኝ ጢስ አፍኖት ነው የሞተ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። መሪጌታ የሟቹን ነጠላ ዘረጉ። «ይህ ጥለት ትናንት ጧት ደማቅ ቀይ ነበር፤ አበራሽ ትመሰክራለች። አሁን እርጥብ የነበረው ጫፍ ነጥቷል።» ከድኝ አንጣሪዎቹ ወደ አንዱ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ያንተ ጥለት የት ሄደ?»

ሰውየው ኩታውን አየ። «ጢሱ በላው መሪጌታ። ላብ የነካውን ሁሉ ያነጣዋል። ሚስቴ ‹ሌላ ሴት አጠበችልህ ወይ?› እያለች ትቆጣኛለች።»

አንዳንዱ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። «አለሙ ጢሱ ሲገባበት ነጠላውን ውኃ ነክሮ አፉን ሸፈነ፤ በሩንም መስኮቱንም ጎተተ፤ አልተከፈተለትም። ደረቱ አስቀድሞ የተጎዳ ነውና ብዙ አልቆየም። ጢሱ የገባው ከድኝ ማስቀመጫው ቤት በኩል ነው፤ ከግድግዳው ሥር የተነቀለ ድንጋይ አለ፤ ቀዳዳው በድኝ ቢጫ ሆኗል። ሰው ልኮ ማየት ነው።»

ባላምባራስ አሽከራቸውን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ሮጦ ሄዶ ተመለሰ። «ልክ ናቸው ጌታዬ።»

ደምሴ ተነሣ። «ይሁን፤ ድኝ ነው! ድኝ ያለ እሳት አይጤስም። እሳት ይዞ የታየው ማን ነው ታዲያ? አቧራ ለቃሚ ሆነው ጠበቃም ሊሆኑ?»

«ታገሠኝ ልጄ፤ ደሙ ያንተ ነው።» መሪጌታ ሦስቱን ሸክላዎች አንድ በአንድ መሬት ላይ ደረደሩ። «እነዚህን ያኖርኋቸው በበዓሉ ዋዜማ ነው። አንዱን ግቢው ውስጥ፣ አንዱን ጨለማ ቤት፣ አንዱን ባሻ ክፍል። የሥራ ቀን አቧራ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከምን ጋር አስተያየዋለሁ? ማንም ከማይሠራበት ቀን ጋር ነው። ለእኔ በዓል ማለት አየሩ ራሱን የሚያሳይበት ቀን ነው። የግቢው ይኸው፤ ጥቂት አፈር ብቻ። የጨለማ ቤቱ ይኸው፤ ንጹሕ ሰም ማለት ይቻላል። አሁን የባሻን ክፍል እዩ።»

ሦስተኛዋ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራለች።

«ማንም ባልወቀጠበት ቀን ይህ ሁሉ ከየት መጣ?»

መሪጌታ ሸክላዋን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ።

«ሰው ነስንሶት ነው። ሰሙን በጋለ ቢላ ሰነጠቅሁት። ከላይ ከሰል፣ ድኝና የባሩድ ጨው አንድ ላይ፤ የወንፊት ዱቄት ነው። ከሥሩ ግን ድኝ ብቻ። ያውም የተወቀጠ ድኝ አይደለም፤ የተወቀጠ በመስታወት ሲታይ እንደ ባልጩት ስባሪ ሾጣጣ ነው፤ ይህ እንደ ጤዛ ክብ ነው፤ ከጢስ የረጋ ነው። ቀድሞ የወደቀ ከሥር ይተኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ጢሱ መጣ፤ ቀጥሎ ገዳዩ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ክፍሉን አናፈሰ፤ ገባ፤ ሸክላዬ ቢጫ ሆና አገኛት። ‹ይህች ትናገርብኛለች› አለ። የዘወትር መልኳን ሰጣት። ብልህ ሰው ነው፤ የዘወትር መልኳን አሳምሮ ያውቃል። የበዓል ሸክላ መሆኗን ግን አላወቀም።»

ባላምባራስ ወደ ፊት ተጠጉ። «ማን ያውቅ ነበር?»

«ዘውዱ ያውቃል፤ ሰሙን ያቀለጠልኝ እሱ ነው። እሱ ቢሆን ፍቆ በንጹሕ ሰም ይቀባት ነበር እንጂ አያጠቁራትም። ደግሞም ዘውዱ በባሻ ሞት የሚያጣ እንጂ የሚያገኝ አይደለም፤ ባሻ ቢኖር ዛሬ ከጨለማ ቤት ይወጣ ነበር። አበራሽም ታውቃለች፤ ቤቷን እንዳትጠርግ የለመንኋት ለዚሁ ነው። ይህን ያደረገው ሸክላዎቹን ሳኖር ያላየ፣ በዋዜማው ጋፋት ያልነበረ ሰው ነው። ባላምባራስ፣ ዋዜማውን ከባሩድ ቤቱ ሰዎች ማንን ልከው ነበር?»

«ፈንታሁንን። ከጣራ ገዳም በታች ከሰል እንዲያስጭን።»

ዓይን ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ። ፈንታሁን ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ።

«ያን ቀን ያልነበርሁ እኔ ብቻ ነኝ? ግማሹ ጋፋት ለበዓል ወጥቶ ነበር!»

«እውነትህን ነው» አሉ መሪጌታ። «ለዚህ ነው ዛሬ ጧት የጠየቅሁህ። ባሻ ክፍል አልገባሁም አልኸኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሸክላዬ እንደ ወትሮው መጥቆሯን ነገርኸኝ። እኔ ሳልገልጣት መጥቆሯን ማን ነገረህ? አበራሽ፣ አንቺ እንኳ አይተሻታል?»

«እኔስ ሲጠቀልሏት ጨርቁን ነው ያየሁ» አለች አበራሽ።

«ከባሻ ቀጥሎ ተራውን የሚሽረው ምክትሉ ነው። ሬሳው ሳይቀበር ሽሮታል። እኔ የሚያምነኝ አንድ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሁለት ነበሩ። ጨለማ ቤቱ ሲከፈት አፍንጫውን የሚሸፍን ከሁላችሁ አንድ ሰው ነው። አንዱ ያመነኝ ሰዎቹን ሊያወጣ ተነሣ፤ ሌላው ያመነኝ...»

ፈንታሁን ይክዳል ብለው ጠብቀው ነበር። እሱ ግን ሣቀ፤ ሣቁ ለቅሶ ሆነ።

«ይጨርሱት እንጂ! አዎ አመንሁዎት! እነዚህ ደንቆሮዎች እየዘፈኑ ይገባሉ፤ ምን እንደሚውጡ አያውቁም። ለእኔ ግን በመስታወትዎ አሳይተውኛል! አያሌው የተፋውን አይቻለሁ፤ ጥቁር ነው፤ እንደ ሬንጅ ነው። አንዴ ያየ ሰው እንዴት ይገባል? ባሻን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት። ‹ከአለቃ ይጀመር፣ በበዓሉ ማግሥት አንተ ትገባለህ› አለኝ። እግሬ እንዴት ይሄድልኛል? በሬ እንኳ የቄራውን ደም ካሸተተ እግሩን ይተክላል!»

ባላምባራስ ሙሉ በእጃቸው አመለከቱ፤ የዘውዱን ጠፍር ቆርጠው በዚያው የፈንታሁንን እጅ አሰሩ። ጌጤ የልጇን እግር እንዳቀፈች ቀረች።

«ደምሴ፣ ደመኛህ ይኸው» አሉ ባላምባራስ። «ካሳ ትላለህ ወይስ ደም?»

ደምሴ ጦሩን አንሥቶ ወደ ፈንታሁን ሄደ። ፈንታሁን ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደ መገላገል ያለ ነገር ፊቱ ላይ ታየ። ደምሴም ይህን አየና ቆመ።

«አይ» አለ። «ጦር ቸርነት ይሆንበታል። መሪጌታ አቧራው ሰው ይገድላል ብለዋል፤ እኛም ዛሬ አምነናቸዋል። ወንድሜን ትንፋሽ አሳጥቶ ገድሎታል፤ እሱም እንደዚያው ይሂድ። ጨለማ ቤት ይግባልኝ፤ እስኪሞት ይውቀጥ።»

«ይግባ! ይግባ!» አለ ሕዝቡ።

ፈንታሁን ደምሴ እግር ሥር ተደፋ። «ውጋኝ! ደምሴ፣ በማርያም፣ ውጋኝ!»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጥለው ባላምባራስ እግር ሥር ተንበረከኩ። «ጌታዬ፣ ይህ አይሁን! እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰው ከዚያ ቤት እንዲወጣ ነው እንጂ ሰው እንዲቀጣበት አይደለም። እንደሚገድል ካመናችሁ በሩን ስበሩት!»

«ይነሡ መሪጌታ፣ ነውር ነው።» ባላምባራስ ደግፈው አነሷቸው። «እስከ ትናንት የሚያምንዎት አልነበረም። ዛሬ አገር አመነዎት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው የጣሉትን መቋሚያ አነሡ።

ዘውዱ የተፈታ እጁን እያሻሸ ቀረብ አለ። «ጌታዬ፣ እኔስ? ተራውን... ዛሬ ልወጣ ነበር።»

ባላምባራስ ወደ በቅሏቸው እየሄዱ ዞረው አዩት፤ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረበትም። «ተራውን ያወጀው ባሻ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። አዲስ ሹም እስኪመጣ ሥራው እንዳለ ይቀጥላል። ጨለማ ቤት ሰው ሊጎድልበት አይችልም። አንተ እኮ ነፍስህን አትርፈሃል፤ ፈጣሪህን አመስግን።»

በማግሥቱ ማለዳ መሪጌታ ጨለማ ቤቱ ደጅ ቆመው ነበር። ፈንታሁንን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ነው ያስገቡት፤ ዘውዱ በእግሩ ሄዶ ገባ። አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው፤ የሁለት ሰው ሙቀጫ፣ ዱሮ ዘውዱና አያሌው ፊት ለፊት ቆመው የሚወቅጡበት። ዘበኛው በሩን ገፍቶ ከውጭ ቀረቀረው። መሪጌታ ጆሯቸውን ሳንቃው ላይ አደረጉ። ለረጅም ጊዜ አንድ ዘነዘና ብቻ ተሰማ። ቆይቶ ሁለተኛው ጀመረ፤ መጀመሪያ እየተሰናከለ፣ በኋላ እየተከተለ፣ በመጨረሻም ሁለቱ ተስማሙ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ከውጭ መለየት አልተቻለም።